ጣሪያ የማያንኳኳው በረዶ



በክረምት ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ድንገት ጠቁሮ በረዶ ሲወርድ በቤታችሁ የሚሆነውን እስቲ አስታውሱ። ቆርቆሮው ይንጫጫል፤ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች እንኳ መደማመጥ ያቅታቸዋል፤ ሕጻናት እናታቸው ጉያ ይገባሉ፤ የጓሮው ጎመን ቅጠሉ እንደ ወንፊት ይበሳሳል። ገበሬ ለሆነ ሰው ደግሞ ነገሩ ከጫጫታ አልፎ የዓመት ቀለብ ጉዳይ ነው። ጥቂት ቆይቶ ሲያባራ ልጆች ይወጡና ነጩን ጠጠር እየለቀሙ ይጫወታሉ።

አሁን ደግሞ ሌላውን አስቡ። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የሚኖር ዘመዳችሁ ይደውልና «ሌሊቱን ሙሉ በረዶ ሲወርድ አድሮ ጉልበት ድረስ ደርሷል» ይላችኋል። እናቱ ደንግጣ «ወይኔ ልጄ! ጣሪያው ተረፈላችሁ?» ብትለው ይስቃል። እርሱ የሚያወራው በረዶ ሲወርድ ድምፅ የለውም፤ ጣሪያም አያንኳኳም። ሰው ተኝቶ አድሮ ጧት መስኮት ሲከፍት ነው ደጁን ነጭ ለብሶ የሚያገኘው።

እኛ ሁለቱንም «በረዶ» ብለን በአንድ ስም እንጠራቸዋለን። ውርጭና አመዳይ የምንላቸውም አሉ፤ እነርሱ ግን ሌሊት በሣርና በቅጠል ላይ የሚጋገሩ እንጂ ከደመና የሚወድቁ አይደሉም። ዐረብኛ ግን ሁለቱን ይለያቸዋል፤ እንደ ጥጥ ብን ብሎ የሚወርደውን «ሠልጅ»፣ ጠጠሩን «በረድ» ይላቸዋል። ሶላት ስንጀምር ከምናደርጋቸው ዱዓዎች በአንደኛው ውስጥ ሁለቱም ከውሃ ጋር ተከታትለው መጠራታቸውን ቤተሰቦቻችን ያውቃሉ። በሱረቱ አን-ኑር 43ኛ አንቀጽ የተወሳው ደግሞ በረድ ነው።

ይህን ልዩነት ለልጆች ሳስረዳ ነበር አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ኡስታዝ፣ ሁለቱም ከሰማይ የሚወርዱ በረዶ ከሆኑ፣ አንዱ የሚማታው ሌላው የማይማታው ለምንድን ነው?» ሲል የጠየቀኝ። «ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ሳምንት እነግርሃለሁ» አልኩት። መልሱ ግን ከሳምንት በላይ አስፈለገው። ጥያቄው ትንሽ ቢመስልም ብዙ ሊቃውንት ዕድሜያቸውን ያፈሰሱበት ሆኖ አገኘሁት። ዛሬ ለእናንተ የማካፍለው ይህንኑ ታሪክ ነው።

ሁለት ሊቃውንትና አንድ የበረዶ ጥያቄ

አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ እ.ኤ.አ. በ973 በኸዋሪዝም ተወለደ። ኢብኑ ሲና ደግሞ በ980 በቡኻራ አቅራቢያ ተወለደ። ሁለቱም ክረምቱ ብርቱ፣ ሠልጁ ብዙ የሆነበት የመካከለኛው እስያ ሰዎች ናቸው። ከባግዳድ ተልኮ በዚያው በኸዋሪዝም ያለፈው መንገደኛ ኢብኑ ፈድላን በ922 መጀመሪያ የጀይሑን ወንዝ በረዶ ሆኖ፣ እንስሳትና ጋሪዎች በላዩ ሲሄዱበት አይቶ ጽፏል።

በ1000 ዓመተ ልደት አካባቢ፣ ሁለቱም ገና ወጣቶች ሳሉ፣ አል-ቢሩኒ ለኢብኑ ሲና በርካታ ጥያቄዎች ላከ። ከጥያቄዎቹ አንዱ በረዶ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍበትን ምክንያት የሚመለከት ነበር። በረዶ የቀዘቀዘና የጠጠረ ነገር ከሆነ ከውሃ ይልቅ ሊከብድና ሊሰጥም አይገባውም ወይ? ኢብኑ ሲናም ውሃ ሲረጋ በውስጡ አየር ስለሚታፈን ነው የማይሰጥመው ሲል መለሰለት። መልሱ በከፊል ብቻ ያስኬዳል። ዛሬ እንደሚታወቀው አንዳች አየር የሌለበት በረዶም ይንሳፈፋል፤ ውሃ በረዶ ሲሆን ይዘቱ ስለሚሰፋ ያንኑ ያህል ቦታ ከሚይዝ ውሃ ክብደቱ ያንሳል።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ቦታ አንድ ነገር ልብ በሉ። «ይህንንም ሙስሊሞች ቀድመው አግኝተውታል» ብሎ መኩራት ይቀለናል። እውነቱን ከተናገርን ግን አል-ቢሩኒም ሆነ ኢብኑ ሲና የሠልጅን አወራረድ ፍጥነት ለኩ የሚል ማስረጃ የለንም። የተዉልን ሌላ ነገር ነው። አል-ቢሩኒ ሁሉም ሰው በየቀኑ የሚያየውንና ማንም የማይገረምበትን ነገር «ለምን?» ብሎ ጠየቀ፤ ከተላኩለት መልሶችም ያላረካውን መልሶ ሞገተ። ኢብኑ ሲና ደግሞ በ«ኪታቡ ሺፋ» ስለ እንቅስቃሴ ሲጽፍ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር የሚያልፍበት አየር ወይም ውሃ እንደሚቃወመው አስተውሏል። ፍጹም ባዶ ቦታ ቢኖር ኖሮ የተወረወረ ነገር የሚገታው አጥቶ ማቆሚያ አይኖረውም ነበር ሲል ተከራክሯል። ይህን የአየር ተቃውሞ ነገር ያዙልኝ፤ የተማሪዬ ጥያቄ የሚፈታው በእርሱ ነውና።

አየር ባይኖር ኖሮ

አንድ የበረዶ ቅንጣት ከ3,000 ሜትር ከፍታ ቢወድቅና የሚቃወመው አየር ባይኖር ምን ይሆን ነበር? የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ትምህርት የሚያስታውስ ሰው ራሱ ሊያሰላው ይችላል። መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 240 ሜትር፣ በሰዓት 870 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ ከመንገደኞች ጀት አውሮፕላን ጉዞ ጋር የሚቀራረብ ፍጥነት ነው። እንዲያ ቢሆን የዝናብ ጠብታም ሆነ የሠልጅ ቅንጣት እንደ ጥይት በሆነብን ነበር። አየር በሌለበት ከባድና ቀላል እኩል ይወድቃሉ። በ1971 የአፖሎ 15 ጠፈርተኛ ዴቪድ ስኮት በጨረቃ ላይ ቆሞ መዶሻና ላባ አንድ ላይ ሲለቅ ሁለቱም እኩል መሬት ደርሰዋል።

በእኛ ምድር ግን አየር አለ። የሚወድቅ ነገር ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር የአየሩም ተቃውሞ ይጨምራል። ተቃውሞው ከነገሩ ክብደት ጋር ሲተካከል ፍጥነቱ መጨመሩን ያቆማል፤ ከዚያ ወዲያ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ነው የሚወርደው። አየርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ስቶክስ በ1851 ባሳተመው ጥናት ትንሽ ድቡልቡል ነገር በፈሳሽ ወይም በአየር ውስጥ ሲወርድ የሚገጥመውን ተቃውሞ በቀመር አስቀመጠ። ሠልጅ ግን ድቡልቡል አይደለም። ቅርጹ ብዙ ነው፤ ለቀመርም አይመችም። ስለዚህ ማስላቱ ብቻ አልበቃም፤ አንድ ሰው ብርዱን ችሎ ወጥቶ መለካት ነበረበት።

ቅርጹን ያዩ ሰዎች

ሠልጅ ባለ ስድስት ማዕዘን መሆኑን ቻይናውያን ከ2,000 ዓመታት በፊት ጽፈዋል። በአውሮፓ ደግሞ የሥነ ፈለክ ሊቁ ዮሐንስ ኬፕለር በፕራግ ከተማ ሲሄድ ልብሱ ላይ ያረፉትን ቅንጣቶች አይቶ፣ ስለምን አምስት ወይም ሰባት ሳይሆኑ ስድስት ማዕዘን ብቻ እንደሆኑ የሚጠይቅ ትንሽ መጽሐፍ በ1611 አሳተመ። መልሱን በሙሉ እንዳላገኘም አልደበቀም።

ከእርሱ በኋላ የመጣው ትልቅ ሥራ የአንድ ገበሬ ሥራ ነው። ዊልሰን ቤንትሊ ይባላል፤ በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት፣ ጄሪኮ በምትባል መንደር በ1865 የተወለደ። ማይክሮስኮፕን ከካሜራ ጋር አገናኝቶ፣ በብዙ ሙከራ፣ ጥር 15 ቀን 1885 (እ.ኤ.አ.) የአንድ የሠልጅ ቅንጣት ፎቶግራፍ ለማንሳት በቃ። ከዚያ በኋላ ከ5,000 በላይ ፎቶግራፎች አነሳ። ከእነዚህ ከ2,000 የሚበልጡትን የያዘው መጽሐፉ በ1931 ታተመ፤ እርሱም በዚያው ዓመት መጨረሻ ሞተ። ቤንትሊ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው አልነበረም። ላም እያለበ፣ ክረምት ሲመጣ ብርድ ላይ ቆሞ፣ ቅንጣቷ ሳትቀልጥ ትንፋሹን ይዞ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ነበር።

ይህ መጽሐፍ ከተደነቁበት ሰዎች የአንዱ፣ የጃፓናዊው ኡኪቺሮ ናካያ፣ ሥራ ነው ለተማሪዬ ጥያቄ መልስ የሰጠኝ።

የሆካይዶው መምህር

ናካያ በ1900 ተወለደ። በቶኪዮ ፊዚክስ ተምሮ፣ በለንደንም ስለ ኤክስሬይ አጥንቶ፣ በ1930 በሰሜናዊቷ የሆካይዶ ደሴት፣ ሳፖሮ ከተማ ባለው ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ። በለንደን ሲያጠናው የነበረውን ምርምር ለመቀጠል የሚያስችል መሣሪያ ግን በዚያ አልነበረም። በሳፖሮ በነጻ የሚገኝና የማያልቅ አንድ ነገር ነበር፤ ሠልጅ። «መሣሪያ ስለሌለ አልሠራም» አላለም። ማይክሮስኮፑን ማሞቂያ በሌለበት የሕንጻ ኮሪደር ላይ አቁሞ ጀመረ። ኋላም ቶካቺ ወደሚባል ተራራ እየወጣ፣ በእንጨት ጎጆ እያደረ ቅንጣቶችን መረመረ። ባለፉት ዓመታት 3,000 ያህል ፎቶግራፎች አነሳ።

ፎቶ ማንሳቱ ብቻ አላረካውም። በ1935 ከባልደረባው ጋር ባወጣው ጥናት የእያንዳንዱን ቅንጣት ቅርጽ፣ ክብደትና የአወራረድ ፍጥነት አንድ ላይ ለካ። አስቸጋሪነቱን አስቡት! የምትለካው ነገር በዓይን የማትሞላ፣ ብትነካት የምትሰበር፣ ብትተነፍስባት የምትቀልጥ ናት። የተወሰነ ርቀት እስክትወርድ የሚፈጀውን ጊዜ መመዝገብ፣ ከዚያ ሳትጠፋ ቅርጿን ማየት፣ በመጨረሻም አቅልጦ ከጠብታዋ መጠን ክብደቷን ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን ለአንዲት ቅንጣት ከጨረሱ በኋላ ለሌላዋ እንደገና «ሀ» ብሎ መጀመር ነው።

ያገኙት ውጤት እንዲህ ነበር። እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያላት ጠፍጣፋ ቅንጣት በሰከንድ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትወርዳለች። መርፌ የምትመስለው በሰከንድ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትወርዳለች። በመንገዷ የደመና ጠብታዎች ተለጥፈውባት የረጉባት ቅንጣት 1 ሜትር ያህል ትደርሳለች። ጠብታው እጅግ በዝቶባት ቅርጿ ጠፍቶ እንክብል የሆነችው ደግሞ በሰከንድ 1.8 ሜትር ገደማ ትወርዳለች፤ ይህም ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው ፍጥነት ነው። የመጀመሪያዋ ግን አንድ ኪሎ ሜትር ለመውረድ 55 ደቂቃ ያህል ይፈጅባታል። ያንኑ መንገድ ትልቅ የዝናብ ጠብታ በሰከንድ 9 ሜትር ገደማ እየተጓዘ በሁለት ደቂቃ ይጨርሰዋል።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ሌላው ውጤት ነው። ጠፍጣፋዎቹ ቅንጣቶች ትልቅም ሆኑ ትንሽ ፍጥነታቸው ያው ነው! ይህ እንዴት ይሆናል? ሁለት እንጀራ አስቡ፤ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ፣ ውፍረታቸው ግን እኩል የሆነ። ሰፊው ይከብዳል፤ ነገር ግን በከበደው ልክ ስፋቱም ጨምሯል። ስለዚህ አየሩ ከታች የሚቀበልበት ገጽታም አብሮ ሰፍቷል። ጠፍጣፋዋ ቅንጣትም እንዲሁ ናት፤ ስታድግ ክብደትና ስፋት አብረው ይጨምራሉ፤ አንዱ ሲጎትታት ሌላው ይይዛታል።

ናካያ በዚህ አላበቃም። መጋቢት 12 ቀን 1936 (እ.ኤ.አ.) በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ በጥንቸል ጸጉር ጫፍ ላይ፣ በሰው እጅ የተዘጋጀችውን የመጀመሪያ የሠልጅ ቅንጣት አሳደገ። ሙቀቱንና እርጥበቱን እየለዋወጠ የትኛው ሁኔታ የትኛውን ቅርጽ እንደሚያመጣ ሠንጠረዥ አወጣ። ስለዚህም ሠልጅን ከሰማይ ከተላከ ደብዳቤ ጋር ያመሳስለው ነበር፤ ቅርጿን ማንበብ የቻለ ሰው በመንገዷ ያለፈችበትን ብርድና እርጥበት ያውቃልና። በ1962 ከዚህ ዓለም ተለየ።

ጠጠሩ ለምን ይማታል?

አሁን ወደ ቆርቆሯችን እንመለስ። ጠጠሩ በረዶ የሚፈጠረው ሠልጅ በሚፈጠርበት ዓይነት ጸጥ ያለ ደመና ውስጥ አይደለም። ነጎድጓዳማ ደመና ውስጥ ወደ ላይ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ። እንክብሏ ልትወርድ ስትል ነፋሱ ይይዛታል፤ ተይዛ ሳለች በረዷማ ጠብታዎች እየተለጠፉባት ትወፍራለች፤ ነፋሱ መሸከም ሲያቅተው ትወድቃለች። ድቡልቡልና ጠጣር ስለሆነች ክብደቷ ከገጽታዋ እጅግ ይልቃል። አየሩ እንደ ጠፍጣፋዋ ሊይዛት አይችልም። ከ2.5 እስከ 4.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላት ጠጠር በሰዓት ከ40 እስከ 64 ኪሎ ሜትር እየበረረች ትመጣለች፤ ከከተማ መኪና የማይተናነስ ፍጥነት ነው። እንዲህ ያለችው ጠጠር መጀመሪያውኑ ለማደግ የቻለችው፣ ያን ያህል ጉልበት ያለው ነፋስ ከታች ሲሸከማት ስለነበር ነው።

ይህ የወሬ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 1888 በህንድ አገር ሞራዳባድ አቅራቢያ የወረደ የበረዶ ጠጠር 246 ሰዎችን ገድሏል። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት በበረዶ ጠጠር ብዙ ሕይወት የጠፋበት አደጋ ብሎ የመዘገበው ይህንን ነው። በሌላ ቦታ ያንኑ ያህል ውሃ፣ ሠልጅ ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ ወርዶ የተኛ ሕጻን እንኳ ሳይቀሰቅስ ያድራል። ውሃው አንድ ነው። ልዩነቱ ቅርጹና የወረደበት ፍጥነት ነው።

እኛንም የሚመለከት ነገር

«ሠልጅ በማይወርድበት አገር ላለነው ይህ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። በክረምታችን ረጃጅም ደመናዎች ውስጥ ከባሕር ወለል 5,000 ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ያለው ክፍል ውሃ የሚረጋበት ብርድ ነው። ማሳችን ላይ ከሚያርፈው ጠብታ ብዙው ላይ ሳለ የበረዶ ቅንጣት ነበረ፤ ሲወርድ ሞቃቱን አየር አግኝቶ ቀልጦ ዝናብ ሆነ። የእኛም ጤፍና ማሽላ የዚያች ቅንጣት ባለዕዳ ነው።

ከዚያም በላይ በሰማይ ላይ እንደ ነጭ ላባ የምናያቸው ስስ ከፍተኛ ደመናዎች በሙሉ ጥቃቅን የበረዶ ቅንጣቶች ናቸው። ቀስ ብለው ስለሚወርዱ ለሰዓታት ይቆያሉ። በቆዩ ቁጥር የፀሐይን ብርሃን በከፊል ይመልሳሉ፤ ከምድር የሚወጣውንም ሙቀት ይይዛሉ። ስለዚህ የወደፊቱን የአየር ንብረት በኮምፒውተር የሚያሰሉ ተመራማሪዎች የእነዚህ ቅንጣቶች አወራረድ ፍጥነት ያስፈልጋቸዋል፤ ቁጥሩ ከተሳሳተ ስሌቱም ይሳሳታል።

ምርምሩ እስከ ዛሬ አላለቀም። በአሜሪካ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የምትወርደውን ቅንጣት ከበርካታ አቅጣጫ በአንድ ቅጽበት ፎቶ የሚያነሳና ፍጥነቷን የሚለካ ካሜራ ሠሩ። በ2014 ባወጡት ጥናት፣ አየሩ በሚናወጥበት ጊዜ ትልልቆቹና ትንንሾቹ ቅንጣቶች ፍጥነታቸው እንደሚቀራረብ አሳዩ። በ2017 የታተመ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ደግሞ የአየር መናወጥ ሠልጅን ጸጥ ባለ አየር ከሚጠበቀው ይልቅ ሊያፈጥነው እንደሚችል አመለከተ። ናካያ ጸጥ ባለ አየር ውስጥ የጀመረውን ሥራ እነዚህ ነፋስ ውስጥ ቀጥለውታል።

ከዚህ ምን እንያዝ?

ውድ ወላጆች፣ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይዘን ብንሄድ እወዳለሁ።

አንደኛው ምስጋና ነው። በየዕለቱ ምንም የማይመስለን አየር በራሳችንና በሚወርደው ሁሉ መካከል የተዘረጋ ትራስ ሆኖ ያገለግላል። ይህን ሳያውቁ «አልሐምዱሊላህ» ማለት ጥሩ ነው፤ የተደረገልንን በቁጥር አውቀን ስንል ግን ምስጋናችን ሌላ ክብደት ያገኛል።

ሁለተኛው የልጆቻችን ጥያቄ ነው። አል-ቢሩኒ የጠየቀው ልጅ የሚጠይቀውን ጥያቄ ነበር። ገበሬው ቤንትሊ ሀብታም አልነበረም፤ ናካያም የተሟላ መሣሪያ አልነበረውም። ያላቸውን ይዘው፣ የማያውቁትን «አላውቅም» ብለው፣ ታግሠው ለኩ። ልጃችን «ለምን?» ሲለን «ዝም በል፣ አላህ እንዲህ አድርጎት ነው» ብለን በር ብንዘጋበት ጥያቄውን እንገድላለን። አላህ እንዲህ እንዳደረገው እናምናለን፤ ልጁ የጠየቀው ግን እንዴት እንዳደረገው ነው።

በሚቀጥለው ክረምት በረዶ ወርዶ ሲያባራ ከልጆቻችሁ ጋር ውጡ። ትልቋን ጠጠር ምረጡና በቢላ ለሁለት ክፈሏት። ብዙ ጊዜ በውስጧ እንደ ሽንኩርት ተደራርቦ ነጭና ጥርት ያለ ንጣፍ ታገኛላችሁ፤ ደመናው ውስጥ ሳለች ያደገችበት ታሪክ ነው። ከመቅለጧ በፊት አንብቧት። ያ ተማሪዬ መልሱን ከነገርኩት በኋላ ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ ትልቁ ጠጠር የሚያድገው ነፋሱ ስለተሸከመው ነው ማለት ነው?» አለኝ። አዎን፣ እንደዚያ ነው። ከእኔ ይልቅ እርሱ በአጭሩ ተናገረው።

ወላሁ አዕለም።